ሁለት ወትፌ አንድ አወጣሁ

የልጄ የቀኝ መዳፍ ቆዳ እቤቴ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ተቀምጧል ብዬ ብነግራችሁ እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ልጄ ደግሞ አልሞተችም፤ ይህን ስጽፍ ጓዳ ውስጥ ሽሮ እያማሰለች ነው፣ በአዲሱ ቆዳዋ። አሮጌው እኔ ዘንድ ነው፣ ብሎን ከማስቀምጥበት ቆርቆሮ ጎን። ሁለተኛው የማታምኑት ነገር ደግሞ ያ ቆዳ እንዲወልቅ ያደረግኩት እኔ አባቷ መሆኔን ነው። በከተማችን በጅጋ ይህን የሚያምነኝ ሰው ስላጣሁ ነው ለእናንተ የምጽፈው።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ፤ መቼም ሌላ ሰው እንደኔ አሳምሮ አይነግራችሁም። አለኸኝ እባላለሁ፤ ሰው የሚጠራኝ ግን "ኢንጅነር" እያለ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያየሁት ባሕር ዳር ስሄድ በአውቶቡስ መስኮት ነው። አጥሩ ጥሩ ነው። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ግን ከደምበጫ እስከ ቡሬ ባለው አገር አንድ የእህል ወፍጮ ከቆመ የሚጠራው እኔን ነው። ሞተሩ አጠገብ ቆሜ ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጣለሁ። "ይሄ ናፍጣው ውኃ ገብቶበታል፤ ይሄ ኩሽኔታው ተበልቷል" እላለሁ። ሲፈቱት እንዳልኩት ነው። ማንም አላስተማረኝም። ያስተማረኝ የተበላሸ ነገር ነው።

አንድ ሕግ አለኝ። ሞተር ስፈታ ከረጢት አነጥፌ ብሎኑን በተርታ እደረድርና እቆጥራለሁ። ስገጥምም እቆጥራለሁ። እስከዛሬ አንድ ብሎን ተርፎኝ አያውቅም። ሌሎቹ ጠጋኞች ገጥመው ሲጨርሱ እፍኝ ሙሉ ብሎን ይተርፋቸዋል፤ "ይሄ ከፋብሪካው በትርፍ የመጣ ነው" ይላሉ። እኔ በነሱ ስስቅ ነው የኖርኩት።

ወሩ ጥር ነበር። ልጄ ስመኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቡሬ ኮሌጅ ትማራለች። ጸጥታው ረግቶ መንገድ ሲከፈት ትሄዳለች፣ ሊዘጋ ሲል ትመጣለች፤ ያን ሰሞን ተዘግቶ እቤት ነበረች። ከእናቷ ከየሺ ጋር እህል ሊያስፈጩ እኔ ሞተር ወደምሠራበት ወፍጮ ቤት መጡ። አየሩ ደረቅ ነው፣ ቤቱ የዱቄት ብናኝ ነው። ስመኝ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ይነስራታል፤ ገና ከመግባቷ ነሰራት።

ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ "ቀና በይ" ይላል፣ አንዷ ቀዝቃዛ ውኃ አናቷ ላይ ታፈሳለች። ደሙ አልቆም አለ፤ ነጠላዋ ራሰ።

"ዞር በሉ እስቲ" አልኩ። "የሚያፈስ ነገር የሚወተፈው እንዴት እንደሆነ ላሳያችሁ።"

አዲስ የአየር ማጣሪያ ስፖንጅ ነበረኝ፣ ከላስቲኩ ያልወጣ። አውራ ጣት የምታህል ቆረጥኩ። ንጽሕና አውቃለሁ ባይ አይደለሁ፣ አረቄ ውስጥ ነክሬ ጨመቅኩትና ግራ አፍንጫዋ ውስጥ ገፋሁት። ተንሸራቶ ወደ ውስጥ ገባ። ደሙ አሁንም ይንጠባጠባል። ሁለተኛ ቆርጬ በላዩ ላይ ወተፍኩ። ቆመ።

ሰዉ አጨበጨበልኝ። አንድ ሽማግሌ ከከረጢታቸው ላይ ተቀምጠው "ኢንጅነር፣ የሰውም ሞተር ትሠራለህ እንዴ?" አሉኝ።

"የሰውማ ይቀላል፣ አባቴ" አልኩ። "መለዋወጫ አይፈልግም።"

ይህችን ቀልድ ያን ቀን ብቻ ሦስት ቦታ ደገምኳት።

በሦስተኛው ቀን ስፖንጁን ላወጣ ስል ጎረቤት ጠራሁ። ሰው የሌለበት ሥራ እኔ አልወድም። ፒንሳዬን በእሳት ተኩሼ፣ አቀዝቅዤ፣ ጫፉን ይዤ ሳብኩ። ወጣ፣ ጥቁር ሆኖ። ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው።

የሺ ከበሩ ሥር ቆማ "ሁለት አልነበሩም እንዴ?" አለች።

"አንቺ ደግሞ ቁጥር ልታስተምሪኝ ነው? አንዷ ስታስነጥስ ወጥታለች።"

ሰዉ ሳቀ። የሺ ወደ ጓዳ ተመለሰች። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ስታስነጥስ አላየኋትም። በውስጤ አንድ ነገር ጫር አደረገኝ፤ እኔ ግን ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ "ቆይ እስቲ፣ አንድ ቀርቶኛል" ለማለት የተፈጠርኩ ሰው አይደለሁም።

በማግስቱ ጠዋት ስመኝ ተንቀጠቀጠች። ቀትር ላይ ሰውነቷ እንደ ምጣድ ነደደ። ያስመልሳታል፣ ያስቀምጣታል፤ ውኃ የሰጠናት ሁሉ ሆዷ አይቆይም። ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗ ደም መሰለ። ጎረቤታችን እመት ጥሩ መጡ። በሠፈራችን በሽታ ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ነው የሚፈረደው። ግንባሯን ዳሰሱና "ምች ነው" አሉ። "ከዚያ የወፍጮ ቤት ሙቀት ወጥታ ፀሐይ መታት።"

ዳማከሴ ተቀጠፈ፤ ታሸ፤ ጭማቂውን ጠጣች፣ ሰውነቷን ተቀባች። እመት ጥሩ ሲወጡ ከበሩ ተመልሰው "አደራ መርፌ እንዳታስነኳት" አሉን። "ምች መርፌ አይወድም። በመርፌ የሄዱትን እኔ ነኝ የማውቅ።"

ይህን ሁሉም ያምናል፤ እኔም አምን ነበር። ግን የዚያን ቀን ያመንኩት ስለማምነው አልነበረም። ምች መሆኑን ከሁሉም በላይ የወደድኩት እኔ ነበርኩ። ምች ከሆነ ፀሐይ ናት ጥፋተኛዋ። አንድ ሙሉ ቀን ዳማከሴ እየቀባን ተቀመጥን።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሽንት ቤት ልትሄድ ተነስታ ወደቀች። ስናነሳት እናቷን "ወፍጮውን አጥፊልኝ፣ ጆሮዬን በላኝ" አለቻት። ቤታችን ውስጥ ወፍጮ የለም። የሺ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረችና "መርፌም ይሁን ሌላ፣ እወስዳታለሁ፤ ብትፈልግ ቅር" አለችኝ።

መኪና መንገዱ ላይ አይንቀሳቀስም ነበር። አያ ሙሉ የሚባል ባለጋሪ ጎረቤት አለን፤ አላንገራገረም። ፍራሽ አነጠፍንና ስመኝን አስተኝተን ወደ ፍኖተ ሰላም ተነሳን። በመኪና ሲሄዱት መንገዱ አጭር ነው። በጋሪ፣ ልጅህ እያቃሰተች፣ እያንዳንዱን ባሕር ዛፍ ትቆጥረዋለህ። እኔ የማውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ቀልድ። የአያ ሙሉን ፈረስ "ይሄ ሁለተኛ ማርሽ የለውም እንዴ?" አልኩ። አያ ሙሉ ለይሉኝታ ሳቀ። ስመኝ በሕይወቷ ሙሉ በቀልዴ ሳትስቅ ቀርታ አታውቅም፤ ያን ቀን ዓይኗን እንኳ አልመለሰችልኝም። እጇን ያዝኩት። እሳት የነበረው እጅ ቀዝቅዟል።

ሆስፒታል ስንደርስ በአነጋገሩ የወሎ ልጅ የሆነ ወጣት ሐኪም ተቀበለን። በዕድሜ ልጄ ሊሆን ይችላል። የደም ግፊቷን ለካ፤ እንደገና ለካ። "ሰባ በአርባ" አለ ለነርሷ። "በሁለቱም እጅ መስመር ክፈቺ፣ ግሉኮስ ሳይሆን ሳላይን፣ ቶሎ ይውረድ።" ሳላይን የሚሉት የጨው ውኃ ነው። ደም ተወሰደ። ወባ የለም። ሐኪሙ ግን አልተወውም፤ የሆዷን ቆዳ በጣቱ ተጭኖ ይለቃል፣ መዳፏን ገልብጦ ያያል፣ ምላሷን ያያል።

"ምች ነው" አልኩት ላግዘው ብዬ።

"አይደለም፣ አባቴ። ቆዳዋ ጠይም ስለሆነ አይታይም እንጂ መላ ሰውነቷ ፀሐይ እንዳቃጠለው ቀልቷል። መዳፏን እዩት። ግፊቷ ወርዷል፤ ሆዷ፣ ዓይኗ፣ አእምሮዋ፣ ሁሉም በሁለት ቀን ውስጥ።" ቁጭ አለና እንደ ሽማግሌ አስረዳኝ። "ቁስል ላይ ወይም ሰውነት ውስጥ ተሸጉጦ የቀረ ነገር ላይ የሚራባ ጀርም አለ። እሱ ራሱ እዚያው ይቀመጣል፤ የሚያመርተው መርዝ ግን በደም ይሰራጫል። መርዙ የደም ሥሮቹን ሁሉ ያላላቸዋል።"

"ፓምፑ ደህና ነው፣ ቧንቧው ነው የሚያፈስ" አልኩ።

"ልክ ነዎት። ውኃ ብንጨምር ብንጨምር ያፈሳል። መድኃኒት እንሰጣታለን፤ ጀርሙን የሚገድልም፣ መርዙን እንዳያመርት የሚያደርግም። ምንጩ ካልወጣ ግን እየቀዳን መድፋት ነው። ባሕር ዳር ልልካት አልችልም፤ መንገድ የለም። ስለዚህ ተናገሩ። ቁስል አላት? ቃጠሎ?"

"የለም" አለች የሺ።

"በወር አበባዋ ጊዜ ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር ትጠቀማለች?"

"ኧረ የለም። በጨርቅ ነው፣ እንደኛው።"

"አፍንጫ፣ ጆሮ፣ የትም ቦታ ጥጥም ይሁን ጨርቅ ገብቶ የቀረ?"

የሺ ወደኔ አየች። ሐኪሙም እሷን ተከትሎ ወደኔ አየ።

"ነስሯት ነበር" አልኩ። "እኔ ራሴ ወትፌ እኔ ራሴ አውጥቻለሁ። ምንም የቀረ የለም።"

የሺ አንገቷን ደፋች። በእኛ አገር ባል ሰው ፊት የተናገረውን ሚስት ሰው ፊት አታፈርስም። ሐኪሙ ስመኝን አፍ አስከፍቶ ጉሮሮዋን አየ፤ አፍንጫዋን በባትሪ አበራ። ውስጡ አብጧል፤ የረጋ ደም ብቻ ነው የሚታየው። ባለሙያ ነኝ ባይ አባት "አውጥቻለሁ" ብሎታል፤ አለፈው።

ከዚያ ሁለት ሰዓት ሄደ።

ያን ሁለት ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኩት ልንገራችሁ፤ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለአንደኛው መድኃኒት ከተማ ወርጄ ከሦስተኛው ፋርማሲ አገኘሁት፤ አምጥቼ ሰጠሁ። ነርሷ ሐኪሙን "አልተነሳም" ስትለው ሰማሁ፤ ግፊቱን ነው። ወጥቼ አስታማሚዎች የሚቀመጡበት ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። አንድ የማርቆስ ሰው አወቀኝ፤ "ኢንጅነር አይደለህም?" አለ። እንግዲህ ሰው ከተሰበሰበ አፌ አይቆምም። ስለ አያ ሙሉ ፈረስ ነገርኳቸው። ከዩኒቨርሲቲ የመጣ መሐንዲስ ወፍጮ ሊያስነሳ ሲታገል እኔ በእርግጫ እንዳስነሳሁት ነገርኳቸው። ሳቁ። የታመመ ልጅ ያቀፈች ሴት እንኳ ሳቀች። ልጄ ከግድግዳው ወዲያ እየሞተች እኔ ሰው አስቄያለሁ።

ያ የማርቆስ ሰው እንባውን እየጠረገ "የምርህን ግን፣ የዳሰስከው ሁሉ የሚድነው እንዴት ነው?" አለኝ።

"ምስጢር የለውም" አልኩ፤ ሁልጊዜ የምለውን ነው። "ስፈታ እቆጥራለሁ። ስገጥም እቆጥራለሁ። አንድ ከጎደለ..."

አልጨረስኩትም። ሰዎቹ ቀልዱን የማዘገየው መስሏቸው ፈገግ ብለው ይጠብቁኛል። ተነሳሁ። ከዛፉ እስከ በሩ ያለችውን ሃያ እርምጃ በሩጫ ገባሁ።

ስመኝ አልጋ ላይ ናት፤ ከንፈሯ ደርቋል። የእግር ጣቶቿ ጫፍ ጠቁሯል። የሺ እግሯን በመዳፏ ታሻለች። ሐኪሙ ቆሟል።

"ዶክተር" አልኩ። "ያወጣሁት አንድ ነው።"

"ስንት ነበር ያስገቡት?"

"ሁለት።"

አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ነርሷን ረጅም መቆንጠጫ አምጪ አላት፤ መብራቱን ግንባሩ ላይ አሠረ። የረጋውን ደም ጠርጎ ወደ ላይና ወደ ውስጥ ገባ። ስመኝ አቃሰተች። ሳበው። ሽታው ሲወጣ ነርሷ ፊቷን አዞረች፤ እኔ የሞተ አይጥ ከወፍጮ ሥር ስናወጣ ብቻ ነው እንዲያ ያለ ሽታ የማውቅ። የኔ ስፖንጅ ናት። በቢላዋዬ የቆረጥኩትን ሰያፍ ጫፏን ሳይቀር አወቅኩት።

ሐኪሙ ትሪው ላይ አስቀመጣት። የሺ አየቻት። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና ወደ ግድግዳው ዞረች፤ እጇ ግን የልጇን እግር ማሸቱን አላቆመም።

አፍንጫዋን በሳላይን አጠበው። መድኃኒቱ ቀጠለ፤ ግፊት የሚያነሳ መድኃኒት በጠብታ ተጨመረ፣ እሱን ነርሷ አጠገቧ ቁጭ ብላ ነበር የምትቆጥረው። ጠብታ ስትቆጥር እያየሁ፣ ቆጠራ ማለት እንዲህ ነው አልኩ በልቤ። ግፊቷ የተነሳው በማግስቱ ቀትር ነው። ሽንቷ ሁለት ቀን አልመጣም፤ ከዚያ መጣ። በአምስተኛው ቀን "አባዬ" አለችኝ። ቀልድ ሳልጨምር "አቤት" አልኳት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የመዳፏ ቆዳ ይነሳ ጀመር። ሐኪሙ "ይሄ የበሽታው ፊርማ ነው፣ አትደንግጡ" አለን። እሷው ራሷ ቀስ እያለች ከጣቷ ጀምራ ላጠችው፤ እንደ ጓንት ወጣ፣ መስመሮቹ ሁሉ እንዳሉ። "አባዬ፣ እንካ፣ ለሥራ" አለችኝና ሳቀች። የሷ ቀልድ ከኔ ይበልጣል። ተቀብዬ ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተትኩት።

እጇ አዲስ ሆነ። የቀኝ እግሯ ሦስት ጣቶች ግን እንደጠቆሩ ቀሩ። ወር ካለፈ በኋላ ተቆረጡ።

የሰው ሞተር መለዋወጫ አይፈልግም ብዬ ነበር።

ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሙን ለብቻው ጠበቅኩት። "ያን ሁለት ሰዓት ቀድሜ ብነግርህ ጣቶቿ ይተርፉ ነበር?" አልኩት። ወረቀቱን አገላበጠ። ብዙ አገላበጠ። "አላውቅም፣ አባቴ" አለኝ። ውሸታም ሐኪም ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት።

አሁን እንዴት እንደምንኖር ልንገራችሁ። ስመኝ ሸራ ጫማ አታወልቅም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ጫማ አውልቆ መግባት ስላለ እሷ ከአጥሩ ደጃፍ ቆማ ትጸልያለች። እኔም አብሬያት እቆማለሁ። ሰው "ኢንጅነር፣ ከመቼ ወዲህ ነው የማትገባው?" ሲለኝ "ውስጥ ሰው በዝቷል" እላለሁ። የሺ ታበላኛለች፣ ታጠጣኛለች፤ ስቀልድ ግን እንደ ድሮው አትስቅም። ቂም ቢሆን ባወቅኩት። ድካም ነው የሚመስለኝ።

ስመኝን ሰው ምን ሆነሽ ነበር ሲላት "ምች መታኝ" ትላለች። አንድ ቀን "ለምን ትዋሻለሽ?" ብላት "ዝም በል አባዬ፣ ስምህ እንጀራህ ነው" አለችኝ። እኔ ደግሞ እውነቱን በየደረስኩበት እናገራለሁ፤ "እኔ ነኝ፣ ሁለት ወትፌ አንድ አወጣሁ" እላለሁ። ሰዉ ይስቃል። "ኢንጅነር ደግሞ ጀመረ" ይላል። ሠላሳ ዓመት የቀለደ ሰው አንድ ቀን እውነት መናገር ሲፈልግ የሚሰማው የለም። የከፋው ደግሞ ያ የወፍጮ ቤቱ ዝና አልጠፋም። ባለፈው ሳምንት ከገጠር አንዲት እናት የምትነስር ልጇን አዝላ "ኢንጅነር የሚባሉት ደም የሚያቆሙት ማን ናቸው?" እያለች ቤቴ ድረስ መጣች። ጤና ጣቢያ ይዣት ስሄድ መንገድ ላይ "ምነው፣ እኛን ናቁ?" ትለኛለች።

እናንተ የምታነቡ ግን ስሙኝ። የነሰረውን ሰው ቀና አታድርጉት፣ ወደፊት ጎንበስ ይበል፤ የአፍንጫውን ለስላሳ ቦታ በሁለት ጣት ጨብጣችሁ ሩብ ሰዓት ያዙ። ካልቆመ ወደ ሐኪም። ምንም ነገር አትወትፉ። ከወተፋችሁም ቁጠሩ። ቆጥራችሁ ከጎደለባችሁም ያን ሰዓት ተናገሩ፤ ሐኪም ያልነገሩትን ከየት ያመጣዋል? እኔ ይህን የተማርኩት በልጄ ሦስት ጣት ነው። የኔ ትምህርት ቤት ሁልጊዜም የተበላሸ ነገር ነው ብያችሁ አልነበር።

ካላመናችሁ ጅጋ ኑና ጠይቁ። አያ ሙሉን ጠይቁ፣ ፈረሱ አሁንም አለ። እመት ጥሩን ጠይቁ፤ "ምች ነበር፣ በመርፌ አባሱት" ይሏችኋል፣ ቢሆንም ጠይቁ። ስመኝን አትጠይቋት፤ ትዋሻችኋለች። የሺን ግን ጠይቁ። "ስፖንጁ ስንት ነበር?" በሏት። እኔ አጠገቧ ካለሁ አሁንም አፍ አውጥታ አትናገርም። እጇን ብቻ እዩ፤ ከነጠላዋ ሥር ሁለት ጣት ታወጣለች።